የዋንዛው በርና የደኑ ሒሳብ



ባለፈው ቅዳሜ ካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ አገር ቤት ያሠራውን ቤት ያሳየን ጀመር። የ15 ዓመት የሌሊት ሥራ ውጤት ነውና ደስ ብሎን መረቅነው። የሳሎኑ በር ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ንጹሕ ዋንዛ ነው! ኮርኒሱ ደግሞ ዝግባ» አለ። ከመካከላችን የነበሩ አንዲት የቦንጋ ሰው፣ ሁላችንም እንደ እናት የምናያቸው፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ከየት ጫካ ወጣ?» ሲሉ ጠየቁት። «እሱን እንኳ አናጺው ነው የሚያውቀው» አለ። ወሬው ወደ ሌላ ዞረ፤ ጥያቄው ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

ሰዉ «ዛፍ ቢቆረጥ ይበቅላል» ይላል። እውነት ነው፣ ይበቅላል። ለመሆኑ ግን በስንት ዓመት? ደግሞስ ምን ይበቅላል?

ደንን ጨርሶ መመንጠርና ትልልቁን ዛፍ ብቻ መርጦ መቁረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በከፋ፣ በሸካ፣ በኢሉባቦርና በባሌው ሐረና ምንጣሮውም ነበር፣ መርጦ መቁረጡም ነበር። ቀረሮ እስከ 50 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው፤ ዝግባውንም ሁላችን እናውቀዋለን። እነዚህ ተመርጠው ሲወጡ ከመኪና መንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ደኑ ያለ ይመስላል፤ አረንጓዴ ነዋ! የደን ካርቦን የሚመዘነው ግን በቅጠሉ ሳይሆን በእንጨቱ ነው። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ይህም ክብደት ለዛፎቹ እኩል የተደለደለ አይደለም። በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች 48 የደን ቦታዎች ተለክተው በ2018 የወጣ ጥናት (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው) ከመቶ ዛፍ አንዱ፣ ያ ግዙፉ፣ ከጠቅላላው ክብደት ግማሹን እንደሚሸከም አሳይቷል። መጋዝ የያዘ ሰው የሚፈልገውም ያንኑ አንዱን ነው።

እሱም ቢሆን ብቻውን አይወድቅም። ሲወድቅ ጎረቤቶቹን ይሰብራል፤ ግንዱን ለመጎተት መንገድ ይጠረጋል፤ ጉቶው፣ ሥሩና ቅርንጫፉ እዚያው ይቀራል። ይህ ሁሉ ሲበሰብስ ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል። በማሌዥያዋ ሳባህ፣ የእኛው የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ለዓመታት በተመላለሱባት አገር፣ በ2023 የወጣ ጥናት እንደገለጸው፣ ዛፍ ተመርጦ የወጣበት ደን ቢያንስ ለዐሥር ዓመት ያህል ከሚስበው ካርቦን ይልቅ የሚያወጣው ይበልጣል። አዲሶቹ ዛፎች እየተሽቀዳደሙ እያደጉ ሳለ ማለት ነው።

መሽቀዳደማቸውስ እውነት ነው። ጣሪያው ሲከፈት ብርሃን ይገባል፤ ተጨቁነው የኖሩት መካከለኛ ዛፎች ይወፍራሉ፤ በባዶው ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ብሳና ያለው ፈጥኖ አዳጊ ቀድሞ ይደርሳል። ስለ አማዞን በ2015 የወጣ ጥናት ሒሳቡን እንዲህ አስቀምጦታል፤ ደኑ ከክብደቱ ከመቶ 10 እጅ ቢያጣ በ12 ዓመት ገደማ፣ 25 እጅ ቢያጣ በ43 ዓመት፣ ግማሹን ቢያጣ በ75 ዓመት ካርቦኑን ይመልሳል። ለጣውላ የሚሆነው ትልቁ ግንድ ከዚያም ይዘገያል። እርግጥ አማዞን ከፋ አይደለም፤ የእኛ ደን ደጋማና ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። የተወሰደው በበዛ መጠን የሚመለስበት ጊዜ መርዘሙ ግን የትም ያው ነው።

ደግሞም ይህ ሁሉ ደኑ ከተተወ ነው። የእኛ ነገር የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። በቡና ጫካ ውስጥ ገበሬው ቡናው እንዲያፈራለት ከሥሩ ያለውን በየጊዜው ይመነጥራል። የቀረሮው ችግኝ ከአረሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። የቦንጋዋ እናታችን «ትልልቆቹ ቆመዋል፣ ልጅ ግን የላቸውም» ያሉኝ ይህንን ነው። በ2010 ዩኔስኮ በመዘገበው የከፋ ደን ሳይቀር ይህ ችግር አለ። በገበሬው መፍረድ ግን አይገባም። ቡናው ባይኖር ኖሮ ያ ጫካ ዛሬ የበቆሎ ማሳ ወይም የሻይ ተክል በሆነ ነበር።

በዚያው በሳባህ በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ ሐረጉን እየቆረጡ ችግኝ በተከሉበት ቦታ ላይ ከመሬት በላይ ያለው ካርቦን በዓመት በሄክታር (አንድ የኳስ ሜዳ ተኩል ገደማ) 4.4 ቶን ሲመለስ፣ ዝም ብለው በተዉት ቦታ ግን የተመለሰው 2.9 ቶን ነው። ሥራው ግን ገንዘብ ይጠይቃል። በ2023 የዓለም ባንክ በኦሮሚያ ለሚቀነሰው ካርቦን እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራርሟል። ከዚህ ውስጥ ችግኙን ሳይቆርጥ ለሚያልፈው ገበሬ ስንት ይደርሰው ይሆን? እኛ ጋዜጠኞች መጠየቅ ያለብን ይህንን ይመስለኛል።

ሕጉንም እናንሣ። በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። በኋላ በ2007፣ ቀጥሎም በ2018 በወጡ አዋጆች ተተክቷል። ገበሬው በእርሻው ዳር ያሳደገው ዋንዛ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከዝግባ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ተቆርጦም ይተከላል። «ከየት ጫካ ወጣ?» የሚለው ጥያቄ ክብደት ያለው ለዚህ ነው።

ወዳጄ ማክሰኞ ማታ ደወለልኝ። አናጺውን ጠይቆት ኖሯል። የበሩ ዋንዛ ከገበሬ ማሳ የተገዛ ነው፤ ስለ ዝግባው ግን «ከመርካቶ ነው የገዛሁት» ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም። አሁን ሁለተኛ ፎቅ ሊጨምር ነው፤ ኮርኒሱን ምን ላድርገው ብሎ የቦንጋዋን እናታችንን አማክሯቸዋል። «ባሕር ዛፍ ምን አለው?» አሉት።