ሴት ልጃችን ጊታር ይገዛልኝ ብትልስ?

በየቤቱ በወላጆችና በልጆች መካከል ከሚነሡት የሐሳብ ልዩነቶች አንዱ ሙዚቃ ነው። ወላጅ የሚወደውን ዘፈን ልጅ «ያረጀ» ይለዋል፤ ልጅ የሚወደውን ደግሞ ወላጅ «ጩኸት» ይለዋል። ከዚህ «ጩኸት» ከሚባለው ሁሉ ስሙ በክፉ የሚነሣው ሮክ የተሰኘው ሙዚቃ ነው።

አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ በላኩት ደብዳቤ እንዲህ ይላሉ፤ «የ15 ዓመት ሴት ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ የምታዳምጠው ሮክ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ጊታር ካልተገዛልኝ ብላ አስቸግራኛለች። አባቷ ‹ጊታር የወንድ ነው፤ ሮክም የዱርዬ ሙዚቃ ነው› ብሎ ከልክሏታል። ልጅቱም ተቀይማ ከአባቷ ጋር መነጋገር ትታለች። እኔ በሁለቱ መካከል ሆኜ ተጨንቄአለሁ። ለመሆኑ ሮክ ምንድን ነው?»

ጥያቄው የእኚህ እናት ብቻ አይደለም። ስለሆነም «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ከመፍረዳችን በፊት የሙዚቃውን ምንነትና አመጣጥ ብንመለከት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮክ በመጀመሪያ የሚታወቀው በምቱ ነው። አብዛኛው የሮክ ሙዚቃ በአራት በአራት ይቆጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልን ስንቆጥር ድራሙ ጠንከር ብሎ የሚመታው በሁለትና በአራት ላይ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ላይ እያጨበጨቡ ቢሞክሩት ወዲያው ይገባል። የእኛ ችክችካ በስድስት የሚቆጠርና የሚንከባለል ምት ስለሆነ፣ የሮኩ ምት ለለመደው ጆሯችን መጀመሪያ ላይ ደረቅ ቢመስል አያስደንቅም።

ሁለተኛው መለያ መሣሪያው ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ ጊታርና ድራም የሮክ ምሰሶዎች ናቸው። ብዙ ወላጆችን የሚያስመርረው የጊታሩ ሻካራ ድምፅ የሚወጣው ድምፅ ማጉያው ከአቅሙ በላይ እንዲሠራ ሲደረግ ነው። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ እንጂ የመሣሪያ ብልሽት አይደለም። የበገና ወዳጆች ደግሞ ነገሩ እንግዳ ሊሆንባቸው አይገባም። በበገና አውታሮች ሥር የሚገቡት እንዚራ የሚባሉት የቆዳ ቁራጮች የሚያደርጉት እኮ ይኸንኑ ነው፤ ጥርት ያለውን ድምፅ ያስነዝሩታል፤ ግርማም ይሰጡታል።

ሦስተኛው የዘፈኑ አሠራር ነው። ከቀደሙት የሮክ ዘፈኖች ብዙዎቹ ከብሉዝ በተወረሰ መንገድ የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዳቸው አራት ምት ያላቸው 12 ክፍሎች እየተመላለሱ ይጫወታሉ፤ ጊታሩም የሚያስፈልገው ሦስት ኮርድ ብቻ ነው። ጀማሪ ወጣቶች በአጭር ጊዜ ተለማምደው ከጓደኞቻቸው ጋር አንድ ላይ መጫወት የቻሉት በዚህ ቀላልነቱ ነው። በአራተኛ ደረጃ አዘፋፈኑን እናገኛለን። የሮክ ዘፋኝ ድምፁን ከማለስለስ ይልቅ የተሰማውን እንደ ተሰማው ማውጣቱን ያስቀድማል።

አሁን ወደ አባት አስተያየት እንመለስ። «ጊታር የወንድ ነው» ለሚለው ጥሩ መልስ የሚሰጠው የሮክ ታሪክ ራሱ ነው።

ሮክ የተወለደው በአሜሪካ በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በአብዛኛው ከጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝና የመንፈሳዊ መዝሙር አዘማመር፣ እንዲሁም ከነጮቹ የገጠር ዘፈን ነው። ከዚያም በፊት ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የምትባል ሴት የኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ በመድረክ ላይ ትጫወት ነበር። በ1915 በአርካንሳስ የተወለደችው ሮዜታ ሙዚቃን ያገኘችው ከእናቷ ነው። እናቷ ማንዶሊን እየመታች የምትዘምርና የምትሰብክ ሴት ነበረች፤ ልጅቱንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጊታር እያስያዘች ለዝማሬ አብራት ታሰልፋት ነበር። ሮዜታ በ1947 በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ባቀረበችው ዝግጅት አንድ የ14 ዓመት ልጅ ወደ መድረክ አውጥታ አዘፈነችው። ያ ልጅ በኋላ ሊትል ሪቻርድ ተብሎ ከሮክ ታላላቆች አንዱ ሆነ።

ሌላዋ በቢግ ማማ ስም የምትታወቀው ዊሊ ሜይ ቶርንተን ናት። «ሃውንድ ዶግ» የተባለውን ዘፈን በ1952 ቀድታ በ1953 ሲወጣ በጥቁሮች የሙዚቃ ሰንጠረዥ ለሰባት ሳምንታት አንደኛ ሆነ። ይኸው ዘፈን በ1956 በኤልቪስ ፕሪስሊ ሲዘፈን በመላው ዓለም ታወቀ። ቶርንተን ግን ከዘፈኑ ያገኘችው 500 ዶላር ገደማ ብቻ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። ከዚህ ልጆቻችን ሊማሩት የሚገባ ቁም ነገር አለ፤ የጥበብ ሰው ለመሆን ጥሩ ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ ውልን አንብቦ መፈረምና የድካም ዋጋን ማወቅም ያስፈልጋል። የሁለቱም ሴቶች ክብር ዘግይቶ መጣ። በአሜሪካ የሮክ የክብር መዝገብ ታርፕ በ2018፣ ቶርንተን በ2024 ስማቸው ሲሰፍር ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም።

ጆአን ጄት የተባለችው አሜሪካዊትም በልጅነቷ ወላጆቿ ጊታር ገዙላት። ሆኖም የጊታር መምህሯ «ሴቶች ሮክ አይጫወቱም» ብሎ መለሳት። እሷ ግን ትምህርቱን ትታ በራሷ ተለማመደች፤ በ1982 ያወጣችው ዘፈን በአሜሪካ ለሰባት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

«ሮክ የባዕድ ነው» የሚሉም አሉ። መነሻው ባዕድ መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገውና በ2021 ያረፈው ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የተባለው ይህንኑ ስልት ከአገሩ ዜማ ጋር ስላዋሐደ ነው። በእኛም ዘመን ጃኖ ባንድ ሴት ድምፃውያንን ጭምር ይዞ በአማርኛ ሮክ ተጫውቷል።

«የዱርዬ ሙዚቃ» የሚለው አባባል ግን ጨርሶ መሠረት የለውም ብለን አንሸፋፍነውም። ከሮክ ዘፋኞች በአደንዛዥ ዕፅ የተቀጠፉ አሉ። የቶርንተንን ዘፈን ወስዳ ዝና ያገኘችው ጃኒስ ጆፕሊን በ1970 በ27 ዓመቷ የሞተችው በሄሮይን ነው። ለልጅ የማይመቹ ግጥሞችም አሉ። ስለዚህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው «ሮክ ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «የትኛው ዘፈን? ግጥሙስ ምን ይላል?» ብሎ ነው። ለዚህም የሚሻለው መንገድ ከልጅ ጋር ተቀምጦ ማዳመጥና ትርጉሙን እንድትነግረን መጠየቅ ነው። ማስረዳት የምትችለው ልጅ መደበቅ አያስፈልጋትም።

ለጠያቂያችን ሦስት ነገሮችን ልንመክርዎ እንወዳለን። አንደኛ፣ ለጀማሪ ውድ የኤሌክትሪክ ጊታር አያስፈልግም። የናይለን ክር ያለው ተራ የሣጥን ጊታር ለጣትም አይጎዳም፤ ጎረቤትንም አይረብሽም። ያገለገለ ቢሆንም ይበቃል። ለሦስት ወር ሳትሰለች ከተለማመደች ፍላጎቷ የእውነት መሆኑን ያኔ ያውቁታል።

ሁለተኛ፣ ልምምዱ ሰዓት ይኑረው። የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሰዓቱን እናት ብቻዋን ከምትወስን ልጅቱና አባቷ ተነጋግረው ቢወስኑት፣ የተቋረጠውን ንግግር ለመጀመርም ምክንያት ይሆናቸዋል። አባትም ለመነሻ ያህል ሮዜታ ታርፕ በ1964 በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር፣ በአንድ የባቡር ጣቢያ ያቀረበችውን ዝግጅት በስልክ ከፍተው ቢመለከቱ መልካም ነው። ዝናብ የዘነበበት ቀን ስለነበር ካፖርቷን እንደለበሰች ስለ ዝናብ የሚናገር መዝሙር ስታዜም ይታያል። የ49 ዓመት ሴት ጊታሩን እንዴት እንደምታናግረው አይተው «የወንድ ነው» ማለቱን ይቀጥሉ እንደሆነ ራሳቸው ይፍረዱ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የጆሮ ጤንነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል መጠን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢያዳምጥ አይጎዳም፤ ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ካለ ግን ሊያዳምጥ የሚገባው በሳምንት ለአራት ሰዓት ብቻ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ ድምፁን ከመጨረሻው መጠን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጎ መተው፣ በየመካከሉም ጆሮን ማሳረፍ ይገባል። ጆሮዋ የሚጮህባት፣ ወይም ሲጠሯት ቶሎ የማትሰማ ልጅ ካለች ሳይዘገይ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ይህ ለሮክ ብቻ የተሰጠ ምክር አይደለም፤ ትዝታ የሚያዳምጠውም፣ መዝሙር የሚያዳምጠውም ጆሮው አንድ ነው።