በአረብኛ አፏን ሳትፈታ አንሸኛት

ወንድሞቼ፣ የቅሬ (የእድር) አባቶች፣ እኩዮቼም ታላላቆቼም፤ ከሐይቅ እስከ ኬሚሴ፣ ከደሴ እስከ ባቲ ልጅ ወደ አረብ አገር ስትሄድ ቆመን የምንመርቃት እኛ ነን። ደላላው ያግባባል፣ ኤጀንሲው ይመዘግባል፤ ለመሄጃው ብድር ዋስ የሚሆነው ግን ሽማግሌ ነው። እናትየው ስታመነታ «ግድ የለሽም፣ አላህ ያውቃል» ብሎ የሚያጽናናትም ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ነገሩ የመንግሥት ነው፣ የወላጅ ነው እያለ ከመካከላችን ዞር የሚል እንዳይኖር። አደራው የኛም ነው፤ አደራውንም እየበላን ነው።

የማስጠነቅቃችሁ ስለ አንድ ነገር ነው። የምትሄድበትን አገር ቋንቋ ያልተማረች ልጅ መሸኘት እናቁም።

አትሂድ አላልኩም። አትሂዱ ተብሎ ታይቷል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለቤት ሠራተኝነት ወደ አረብ አገር መሄድን ከለከለ። በወሩ ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ጀመረችና በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገናችን ተመለሰ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። መንገዱ ግን አልተዘጋም፤ ከባቲ ወደ ሚሌ፣ ጅቡቲን አቋርጦ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። በዚያ በረሃና በዚያ ባሕር የቀሩትን እናውቃቸዋለን፤ የለቅሷቸውን ድንኳን የተከልነው እኛ ነን። ችግሩ እስካለ መሄዱ አይቀርም። በእጃችን ያለው እንዴት እንደምትሄድ ነው።

እስቲ የምትገባበትን ቤት ልብ ብላችሁ እዩት። በሌሊት ከአውሮፕላን ማረፊያ ተወስዳ፣ የሰፈሩን ስም እንኳ ሳታውቅ ትገባለች። በነጋታው መታጠቢያ ቤቱን አጽጂ ትባላለች። መደርደሪያው ላይ በረኪና አለ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም አለ። ሁለቱም በፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ የተጻፈባቸውም አረብኛ ነው። ማዳም የምትባለው አሠሪዋ በእጇ እያሳየች ትናገራለች፤ ልጅቷ ያላት መልስ አንድ ነው፣ «እሺ»። አብልጦ ያጸዳልኛል ብላ ሁለቱን ብትቀላቅል የሚወጣው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ነው፤ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። አትቀላቅሉ የሚለው ጽሑፍ ዓይኗ ሥር ነበር። ሳዑዲ ውስጥ ለአምቡላንስ የሚደወለው 997 ነው። ደውላስ ምን ትላለች? የሰፈሩን ስም አታውቅ፣ መተንፈስ አቃተኝ ማለት አታውቅ።

ከኩዌት የተመለሰች አንዲት የሰፈራችን ልጅ ያጫወተችኝ ደግሞ ከልቤ አልወጣ ብሏል። ሕፃኑ አተኩሶታል። ማዳም ከሥራ ቦታዋ ደውላ ሽሮፑን ስጪው እያለች «ኸምሳ፣ ኸምሳ» ትላታለች። አምስት ማለቷ ነው። ልጅቷ የሰማችው ሃምሳ ነው። ዕቃው ላይ ያለውን ልታይ ብትሞክር የአረቦቹ አምስት ክብ ነው፣ እኛ የምናውቀውን ዜሮ ይመስላል፤ ዜሯቸው ነጥብ ብቻ ናት፤ ስድስታቸው ሰባትን ይመስላል። ፈራች፤ ምንም ሳትሰጠው ቀረች። ማታ ማዳም ስትመጣ ልጁ ግለቱ ብሶበት አገኘችውና ልትገዪው ነው ወይ ብላ በጥፊ አጮለቻት። ሃምሳውን ሞልታ ሰጥታው ቢሆንስ ኖሮ? ሕፃኑ ለመቃብር፣ እሷ ለእስር ቤት ነበሩ። ይህችን ልጅ መርቀን የላክናት እኛ ነን።

ሕጉ ጨርሶ አልጣላትም። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት፣ በዓመት የ30 ቀን ፈቃድ ከነክፍያው፣ በቀንም ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ይፈቅድላታል። ሳዑዲም አሠሪ የሠራተኛውን ፓስፖርት እንዳይዝ ትከለክላለች። ግን በሳዑዲ በውል ላይ ክርክር ቢነሳ የሚጸናው የአረብኛው ጽሑፍ ነው፤ ልጅቷ የፈረመችውም ምን እንደሚል ሳታውቅ ነው። ደመወዟን ተከልክላ ፖሊስ ጣቢያ ብትደርስ አሠሪው ይናገራል፣ እሷ ታለቅሳለች። ጸሐፊው የሚጽፈው የተነገረውን ነው። ሰረቀችኝ ካለ ሰረቀች ተብሎ ይጻፋል፤ ኮበለለች ካለ ኮበለለች። መልስ ያልሰጠ ሰው ያመነ ይመስላል። ሐሰት ሲነገርባት ቁጭ ብላ ትሰማለች፤ መስማት እንኳ ቢሆንላት፣ የምትሰማውን አታውቀውም።

ፊሊፒንስን ተመልከቱ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤት ሠራተኝነት የምትወጣ ሴት የሙያ ማረጋገጫ ሳትይዝ፣ የምትሄድበትን አገር ቋንቋና ልማድ ሳትማር እንዳትወጣ መንግሥቷ ደንግጓል፤ ዝቅተኛውን ደመወዝም ያኔ 400 ዶላር አደረገ። የኛዎቹ ሳዑዲ ውስጥ ሺህ ሪያል ይባላሉ፤ ወደ ዶላር ሲመነዘር 270 አይሞላም። የፊሊፒኗ ልጅ ከኛዋ በጉልበት ወይም በትጋት በልጣ አይደለም። እኛም አገር በ2008 ዓ.ም. ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 መጀመሪያ ላይ ስምንተኛ ክፍል መጨረስንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ይጠይቅ ነበር። ሥልጠናውን ወስደው የሄዱት እንደነገሩኝ ካውያና መጥረጊያ ማሽን በደንብ ይታያል፤ አረብኛው ግን ደብተር ላይ የተገለበጡ ቃላት ሆኖ ይቀራል። በደብተር ያለ ቃል በፍርሃት ሰዓት አይወጣም።

ይህ ነገር ወሎ ላይ ሲሆን ደግሞ ያሳፍራል። ዳና፣ ጀማ ንጉሥ፣ ሾንኬ፤ ደረሳው ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ እየመጣ የቀራባቸው ቦታዎች ናቸው። አረብኛን ከነሰዋስው ሲያስተምር የኖረ አገር ዛሬ ሴት ልጁን ውሃ ጠማኝ ማለት ሳታውቅ ይሸኛል። ክርስቲያን ወንድሞቼ ደግሞ «የእስላም ቋንቋ ነው፣ ልጄን ከሃይማኖቷ ያወጣብኛል» ስትሉ ሰምቻችኋለሁ። ፍትሐ ነገሥት ከአረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ መሆኑን ከኔ ይልቅ ካህናቶቻችሁ ያውቃሉ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አቡነ ሰላማም መጻሕፍትን ከአረብኛ ወደ ግእዝ በማስመለስ ነው ስማቸው የሚነሳው። የግብፅ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በአረብኛ ይጸልያል። አባቶቻችሁ ያልሸሹትን እናንተ አትሽሹት።

መድረሳ የቀራች ልጅም ብትሆን ያለሥጋት አትሸኝ። ፊደሉን መለየቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠርሙሱንም ቁጥሩንም ታነባለች። ነገር ግን የቁርኣኑ አረብኛ ሌላ ነው፣ ማዳም ወጥ ቤት ቆማ የምትናገረው ሌላ። የሪያዱም ከቤይሩቱ ይለያል።

«እዚያው ሄዳ ትለምደዋለች» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ትለምደዋለች። ግማሽ ዓመት ሳይሞላ የሚያወሩ አሉ። ግን በምን ዋጋ ነው የምትለምደው? በሳዑዲ ደንብ የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት አሠሪው ሠራተኛዋን የሚፈትንባቸው ናቸው። አልተግባባንም ብሎ መክተብ ወደሚሉት የኤጀንሲ ቢሮ የሚመልሳት ያኔ ነው፤ ከቤት ወደ ቤት የምትወረወር፣ ተስፋ ቆርጣ የምትጠፋ፣ ከፎቅ የምትዘልም አለች። እዚህ እናቷ ጎን ተቀምጣ በወራት የምትማረውን እዚያ በጥፊ ለምን ትማረው? ቋንቋው ለኛ ልጆች እንደ ቻይንኛ የራቀ አይደለም፤ ቤት፣ ራስ፣ ዓይን፣ ደም፣ ነፍስ የሚሉት ቃላት የሁለታችንም ናቸው። የሚከብደው መጀመሩ ነው።

ገንዘብ የለም አትበሉኝ። ለደላላ የሚከፈለው ብር አራጣ ተገብቶም ቢሆን ይገኛል። አስተማሪም አለን። ከጅዳ፣ ከኩዌት፣ ከቤይሩት የተመለሱ ሴቶች በየቤታቸው ተቀምጠዋል፤ ሰው እንደ ከሰረ ነጋዴ ስለሚያያቸው ከቤት መውጣት ያፍራሉ። የማዳምን አፍ እንደነሱ የሚያውቅ የለም። ከቅሬው ገንዘብ እየከፈልን ያስተምሩልን፤ ፊደሉንና ቁጥሩን የመድረሳው ኡስታዝ ይጨምርበት። ቢያንስ አራት ወር ትማር። ከዚያ የሚፈትኗት እኛ ሳንሆን እነዚያው ሴቶች ይሁኑ። ስሟንና አገሯን፣ አሞኛል፣ ደመወዜ አልተከፈለኝም፣ ፓስፖርቴን ስጡኝ፣ ኤምባሲ ውሰዱኝ የሚለውን ሳትንተባተብ ትበል። ያለችበትን ሰፈር ጠይቃ ትረዳ። ከጠርሙስ ላይ ማስጠንቀቂያውንና ቁጥሩን ታንብብ። ይህን ስትችል እሸኛታለሁ፤ ዱዓዬንም አልነፍጋትም።

ደላላው ይቆጣል። ቪዛው ይቃጠላል፣ ዕድሏን ዘጋችሁባት ይላል፤ ወላጅም ይቀየመናል። ይቃጠል፤ ቪዛ ሌላ ይመጣል። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ይህን አነሳለሁ። አሁንም የዋስ ፊርማዬን የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ አባቶቻቸው ወዳጆቼ ናቸው። ተምረው እስኪፈተኑ ድረስ አልፈርምላቸውም። ከኔ ቀርተው ወደ እናንተ ቢመጡ እናንተም አትፈርሙላቸው።