ናይሮቢ ለአርባ ምንጭ ሩቅ አይደለችም

ካርታ ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩት። ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ በአየር 820 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገር ውስጥ መስመር የምንሳፈርበት ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ይህን በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም ይጨርሰዋል። እኛ ግን ደቡብ ለመሄድ ፊታችንን ወደ ሰሜን እናዞራለን፤ እስከ ቦሌ 350፣ ከቦሌ ናይሮቢ 1,160፣ በድምሩ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ። እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው?

እኔ በሄድኩበት ጊዜ ሰዓቱ አልገጠመልኝምና አዲስ አበባ አደርኩ፤ የአልጋና የታክሲ ከኪሴ። በማግስቱ በቀኝ በኩል መስኮት ጥግ ተቀምጬ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከሐዋሳ አለፍ እንዳልን የአባያ ቀላ ያለ ውሃ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ከወዲያ ማዶ የጋሞ ተራሮች። ትናንት የተነሳሁበትን አገር ዛሬ በአጠገቡ ሳልፍ ደሜ ፈላ። አንድ ቀን ሙሉ የከሰርኩት እዚያው ለመመለስ ነበር።

መንገደኛን ሁሉ ቦሌ መሰብሰብ አውሮፕላን ይሞላል፣ አገርም ተጠቅሞበታል። ይህን አልክድም። ግን ድንበር አጠገብ ላለ ሕዝብ ጎረቤቱን ማራቅ ምን የሚሉት ስሌት ነው? ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አንጠየቅም። ሞያሌ ላይ ሁለቱ መንግሥታት በ2013 ዓ.ም. የጋራ ኬላ መርቀው ከፍተዋል። በምድር የተከፈተ በር በሰማይ ለምን ይዘጋል? ድሬዳዋ ከጅቡቲ ጋር በቀጥታ በረራ የተገናኘችበት ጊዜ አለ፤ ለምሥራቁ የተቻለ ለደቡቡ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

“ገበያው አያዋጣም” ይሉናል። ማን ሞከረውና? ማሳይ ማራን ሊያይ ከዓለም ዳር የመጣ ቱሪስት ናይሮቢ ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። የጫሞ አዞ ገበያ፣ የነጭ ሳር የሜዳ አህያ፣ ከቀርከሃ የተሠራው የዶርዜ ቤት የሚርቁት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቦሌን ዙር ሲባል ግን ቀኑንም ገንዘቡንም አስልቶ ይተወዋል። የሚቀርበት እሱ ብቻ አይደለም፤ ጨንቻ ላይ ጋቢዋን ዘርግታ ገዢ የምትጠብቀው እናትም ናት፣ ጀልባውን አስሮ የሚውለው የጫሞ ልጅም ነው።

በየቀኑ ይብረር አላልንም። ከመስከረም እስከ ጥር፣ ቱሪስት በሚበዛበት ወቅት፣ በሳምንት ሁለቴ ይሞከር። የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሠራተኞች ለእነዚያ ቀናት ይመደቡ። የሴቻ ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎች፣ ዩኒቨርሲቲውና የዞኑ አስተዳደር አንድ ላይ ተቀምጠው ለመጀመሪያው ዓመት ስንት ወንበር በዋስትና እንደሚይዙ ጽፈው ይፈርሙ። ይህም አይሆንም ከተባለ የአርባ ምንጩ በረራ ከናይሮቢው ጋር ሁልጊዜ በዕለቱ እንዲገጥም ሰዓቱ ይስተካከል፤ ለዚህ አዲስ አውሮፕላንም አዲስ ኬላም አያስፈልግም።