ውዱን ተጫዋች ማሰናበት የሚችለው ሀብታም ነው

በደብረ ማርቆስ ኳስ ማሳያ ቤቶች የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ከጨዋታው ይልቅ በዝውውሩ አብዝቶ ይከራከራል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት አጥቂ ጎል ማግባት ሲያቆም ገሚሱ «ይሸጥ» ይላል፤ ገሚሱ «ማን ይገዛዋል? ውሉን አፍርሰው ይልቀቁት» ይላል፤ «ያን ሁሉ ብር አፍስሰን እንዴት በባዶ ይሄዳል» ብሎ የሚቆጭም አይጠፋም። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2019 ኒኮላ ፔፔን ከሊል በ72 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያስፈርም ዋጋው የክለቡ ክብረ ወሰን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ውሉ በስምምነት ፈርሶ ፔፔ ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ቱርክ ሄደ። ከእሱ በፊት ሜሱት ኦዚል በ2018 መጀመሪያ የፈረመው ውድ ውል ሳያልቅ በጥር 2021 ተለቋል። ፒየር ኤምሪክ ኦባሚያንግም በመስከረም 2020 አዲስ ውል ፈርሞ፣ በታኅሣሥ 2021 አምበልነቱን ተነጥቆ፣ በየካቲት 2022 በነፃ ባርሴሎና ገብቷል። «ይልቀቁት» ባዩ ወገን እነዚህን ሦስቱን በጣቱ እየቆጠረ የሚከራከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ያ ወገን አርሰናልን በተመለከተ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ለሊል የተከፈለው 72 ሚሊዮን ፔፔ ቢቆይም ቢሄድም አይመለስም። ስለዚህ ክለቡ ማመዛዘን የነበረበት ያወጣውን ሳይሆን ገና የሚያወጣውን ነው፤ በቀረው ውል የሚከፈለው ደመወዝ ስንት ነው? ተጫዋቹ የያዘውን ቦታ ሌላ ሰው ቢይዘው ምን ይገኛል? አርሰናል በ2021/22 አምስተኛ ሆኖ ሲጨርስ ወጣቶቹ ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ ገብተው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ሆነ። የሚቆጨው ወገን አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ ባርሴሎና በነፃ የወሰደውን ኦባሚያንግን በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ለቼልሲ በ12 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሸጦታል። ነገር ግን ያ ዋጋ የተፈጠረው ተጫዋቹ ባርሴሎና ተሰልፎ ጎል ስላገባ ነው። ለንደን ላይ ከቡድኑ ውጪ ተደርጎ ብቻውን የሚለማመድ የሠላሳ ሁለት ዓመት አጥቂን በዚያ ዋጋ የሚገዛ አልነበረም።

ችግሩ የሚጀምረው ይህ ፍርድ ከስክሪኑ ወርዶ ለፋሲል ከነማ፣ ለባሕር ዳር ከነማ፣ ከዚያም አልፎ ለደብረ ማርቆስ ከተማ ሲፈረድ ነው። የእኛ ክለብ ያመጣው ባለስም አጥቂ ሦስት ወር ጎል ካላገባ «አርሰናል እንኳ ኦዚልን አባሯል» ይባላል። አርሰናል ማባረር የቻለው ግን ኪሳራውን የሚውጥበት ገቢ ስላለው ነው። የቴሌቪዥን መብት፣ በየሳምንቱ የሚሞላ ስታዲየም፣ ስፖንሰርና የማልያ ሽያጭ ስላለው አንድ የተበላሸ ውል ከፍሎ ሌላ ውል ይገዛል። ውሳኔውን ትክክል ያደረገው ሀብቱ ነው። ሀብቱ ሳይኖር ውሳኔውን ብቻ የቀዳ ክለብ ከሁለቱም ወገን ይጎዳል፤ ተጫዋቹም ይሄዳል፣ ገንዘቡም ይሄዳል።

ሒሳቡን በአገራችን ቁጥር እንየው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ከዚያ ቀደም የፊርማ ገንዘብ፣ ኋላም ያበጠ የወር ደመወዝ ክለቦችን ስላስጨነቃቸው ነው። ስምምነቱ በጓሮ በር በሚከፈል ገንዘብ ብዙ እንደተሸረሸረ ኳሱን የሚከታተል ሁሉ ያውቃል፤ ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ከዚያ ወዲህ ገደቡን ወደ ክለቡ ጠቅላላ የተጫዋች ወጪ ማዞሩም ለዚሁ ነው። እኛ ግን በወረቀቱ ቁጥር እንሂድ። ውሉ ሊያልቅ ስምንት ወር የቀረው የ50 ሺህ ብር ተጫዋች ቢባረር ቀሪ ደመወዙ 400 ሺህ ብር ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት ያለ በቂ ምክንያት ውል ያፈረሰ ካሣ ይከፍላል፤ ካሣው የሚነሳውም ከዚሁ ከቀሪው ውል ነው። ጎል አለማግባት በቂ ምክንያት አይደለም። በውድድር ዘመን መካከል ውልን በአንድ ወገን ማቋረጥ ራሱ የተከለከለ ነው። አንዳንድ አመራር እንደሚያስበው ተጫዋቹን ከቡድኑ ለይቶ፣ ብቻውን እያስሮጠ «ተማሮ ይሂድ» ማለትም አያዋጣም፤ እንዲህ ያለው ጫና ውሉን በበቂ ምክንያት የማፍረስ መብት ለተጫዋቹ ይሰጠዋል። የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለውም ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ አሥራ አምስት ቀን ከጠበቀ በኋላ መሄድ ይችላል፣ ገንዘቡንም ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በተጫዋች ክስ ተፈርዶባቸው፣ ዕዳቸውን እስኪከፍሉ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግቡ የታገዱ ክለቦችን ደጋግመን አይተናል።

ታዲያ ይሸጥ? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ መሠረት የሚያጣው። የአገራችን ክለብ ባለስም ተጫዋች የሚያስፈርመው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። በውሉ መጨረሻ ተጫዋቹ ነፃ ነው፤ ጥሩ ቢጫወት ሌላ ክለብ ያለ ክፍያ ይወስደዋል፣ መጥፎ ቢጫወት ማንም አይፈልገውም። በኪራይ በሬ ያረሰ ገበሬ ከመኸር በኋላ ገበያ የሚያወጣው በሬ የለውም። ክለቡ የገዛው ተጫዋቹን ሳይሆን የተጫዋቹን አሥር ወር ነው፤ አሥር ወር ደግሞ አይሸጥም። ስለዚህ «ይሸጥ ወይስ ይባረር» የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ መልስ የሌለው፣ ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ ነው። ጊዜው የነበረው ውሉ ሲፈረም ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ደጋፊው የሚጨፍርበት ሰዓት ነው።

ጅማ አባ ጅፋርን ማስታወስ ይጠቅማል። በ2010 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ ወሰደ፤ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግም ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተጫወተ። እንዲህ ያለ መንደርደሪያ ያገኘ ክለብ በአገራችን ጥቂት ነው። ነገር ግን ያ ቡድን ሲበተን ክለቡ እጅ የቀረ የዝውውር ሀብት አልነበረም፤ የደመወዝ ውዝፍ ተደጋግሞ መነጋገሪያ ሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሊጉ ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት ብቻ። አመራሩን ብቻ መውቀስ ይቻላል፣ ጥፋትም አይጠፋበትም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በዚያው መንገድ የሚሄዱት ክለቦች ብዛት ነው። የኩባንያ ክለብ ሲከስር ይዘጋል፤ ጎንደር የነበረው ዳሽን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ወርዶ ፈርሷል። የከተማ ክለብ ግን ዕዳውን ለከተማው አስተዳደር ያወርሳል። የከተማው በጀት ደግሞ የውስጥ ለውስጥ መንገድም፣ ውኃም፣ ጤና ጣቢያም የሚጠብቁት ነው።

ባለስም ተጫዋች ደጋፊ ስቦ ወጪውን ይመልሳል የሚሉ አሉ። ይህ መከራከሪያ ቡድኖች በሜዳቸው ሲጫወቱ ትንሽ ጉልበት ነበረው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ፕሪምየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ የሚካሄድ ሆኗል፤ ጨዋታዎቹም በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩ። የባሕር ዳር ደጋፊ ቡድኑን ለማየት ድሬዳዋ ወይም ሐዋሳ መሄድ አለበት፤ ካልቻለ ቴሌቪዥን አለለት። ውድ አጥቂ በመግቢያ ትኬት የሚመልሰው ገንዘብ ከዚህ በኋላ ከየት ይመጣል? በክልላችን ያለው ግጭት መንገዱንም ንግዱንም ባወከበት ጊዜ ደግሞ ከአካባቢው ነጋዴ የሚጠበቀው ድጋፍ ይበልጥ ይሳሳል።

ተቃራኒውን መንገድ ያሳየን ኢትዮጵያ ቡና ነው። አቡበከር ናስር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ቡና ገባ፣ እዚያው አደገ፣ በ2013 ዓ.ም. በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አገባ። በቀጣዩ ዓመት ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲፈልገው አቡበከር ውል ላይ ነበር፤ ስለዚህ የደቡብ አፍሪካው ክለብ ከቡና ጋር መደራደርና መክፈል ነበረበት። ቡና ገንዘቡን አገኘ፣ ተጫዋቹንም እስከ ዓመቱ መጨረሻ አቆየው። በኋላ አቡበከርን ጉዳት እንዳንገላታው እናውቃለን፤ ያ ለልጁ ያሳዝናል፣ የቡናን ሒሳብ ግን አይለውጥም። «ይሸጥ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ያለ ውል ሲኖር ነው።

«ቡና የአዲስ አበባ ትልቅ ክለብ ነው፤ የደብረ ማርቆስን ልጅ ማን ያየዋል?» ሊባል ይችላል። እዚህ ላይ ደጋፊው እምብዛም የማያነሳው የፊፋ ደንብ አለ። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር አገር ሲሸጥ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሩብ በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ግማሽ በመቶ። ከ16 እስከ 19 ዓመቱ ደብረ ማርቆስ ተመዝግቦ የተጫወተ ልጅ፣ በሦስት ክለብ አልፎም ቢሆን፣ አንድ ቀን በአንድ ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ ለአሳዳጊው ክለብ 20 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። እንዲህ ያለ ዝውውር በየዓመቱ ይመጣል አልልም፤ ላይመጣም ይችላል። የሚጠይቀው ወጪ ግን ልጁን በሥርዓት መመዝገብና ወረቀቱን መያዝ ነው። ከባለስም ተጫዋች የአንድ ወር ደመወዝ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ረጅም ውል ለደሃ ክለብ አደጋ ነው ይላሉ፤ ፔፔም እኮ የአምስት ዓመት ውል ነበረው! እውነት ነው፣ ረጅም ውል ከከፍተኛ ደመወዝ ጋር ሲጋባ ክለብ ይገድላል። እኔ የምለው ሁለቱ ይለያዩ ነው። የ19 ዓመቱን ልጅ በልኩ ደመወዝ ለአራት ዓመት ያዙት፣ በየዓመቱ ጥቂት እየጨመራችሁ፤ ሳይሳካለት ቢቀር የምታጡት ትንሽ ነው፣ ቢሳካለት ግን የሚሸጥ ነገር አላችሁ። የ31 ዓመቱን ባለስም ለአንድ ዓመት አምጡት፣ ደመወዙንም ቢጎዳ ወይም ባይሳካለት እስከ መጨረሻው ልትከፍሉት በምትችሉት ልክ አድርጉት። ዛሬ የሚደረገው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ትልቁ ደመወዝ ለማይሸጠው ተጫዋች ይሰጣል፣ የሚሸጠው ልጅ ደግሞ በአጭር ውል በነፃ ያመልጣል።

ላለመውረድ የሚታገል ክለብ አራት ዓመት መጠበቅ አይችልም የሚለውን ግን በቀላሉ አላጣጥለውም። መውረድ የተመልካች ዓይንንም፣ ከሊጉ የሚገኘውን ድርሻም ያሳጣል፤ በጥር የመጣ አንድ ልምድ ያለው አጥቂ ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ክለብ ሊያተርፍ ይችላል። ያን ያደረገ አሠልጣኝ አይወቀስም። ነገር ግን በየዓመቱ ከመውረድ ለማምለጥ በየዓመቱ የሚገዛ ክለብ ካመለጠ በኋላም የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ በሚቀጥለው ጥር ያው አጥቂ ወይም የሱ ቢጤ እንደገና ያስፈልገዋል፣ ዋጋውም ጨምሮ ይጠብቀዋል።

ዲሲፕሊን የጣሰ፣ መልበሻ ክፍል የሚበጠብጥ ተጫዋችስ? እሱ የተለየ ጉዳይ ነው። የውል ግዴታውን በተደጋጋሚ የጣሰን ተጫዋች ክለቡ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ፣ ቅጣቱን በደንቡ መሠረት ካስያዘ ሊያሰናብተው ይችላል። ያልተመዘገበ ጥፋት ግን ፌዴሬሽን ፊት ጥፋት አይሆንም፤ ብዙ ክለብ የሚረታው ተጫዋቹ ስላላጠፋ ሳይሆን ክለቡ ፋይል ስለሌለው ነው። የቀረው፣ ማለትም ጎል ያጣው፣ እግሩ የከበደው፣ የደጋፊ ጩኸት ያስደነገጠው አጥቂ ደመወዙ የሚከፈለው ስለሆነ ቢሰለፍ ይሻላል፤ ካልሆነም ደመወዙን የሚጋራ ክለብ ተፈልጎ በውሰት ይሂድ።

በመጪው ክረምት የዝውውር መስኮት ሲከፈት ክለቡ አዲስ ፈራሚ ማልያ ይዞ የተነሳውን ፎቶ ይለቃል። የደጋፊ ማኅበሩ ያን ዕለት አመራሩን ሦስት ነገር ቢጠይቅ መብቱ ነው። ውሉ ስንት ዓመት ነው? ደመወዙ ከአጠቃላይ የተጫዋች በጀት ስንት እጅ ይወስዳል? ከታዳጊ ቡድኑ ያደጉት ልጆች ውልስ መቼ ያልቃል? አመራሩ ሁለተኛውን ምሥጢር ነው ሊል ይችላል። ገንዘቡ ከከተማው ካዝና የወጣ ከሆነ ግን ምሥጢርነቱ ከማን እንደሆነ ማስረዳት ይኖርበታል።