የንግድ ቤት ጣራ በበጋ ይታሰባል

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚሻው ከፀሐይና ከዝናም የሚጠለልበትን ጣራ ነው፤ ከተከደነ በኋላ ግን ፈጥኖ የሚረሳው ይኸው ጣራ ነው። ግድግዳ ሲቆሽሽ ዓይን ያየዋል፤ በር ሲሰበር እጅ ያገኘዋል፤ ጣራ ግን ከራስ በላይ ስለ ሆነ እስኪያፈስ ድረስ ጠያቂ የለውም። የዚህም ቸልታ ጉዳት በመኖሪያ ቤት የሆነ እንደ ሆነ በባለቤቱ ላይ ይቀራል፤ በሱቅና በመጋዘን የሆነ እንደ ሆነ ግን እህሉን ያስቀመጠ ነጋዴ፥ ኪራይ የሚከፍል ተከራይ፥ ደመወዙን ከዚያ ቤት የሚያገኝ ሠራተኛ ሁሉ ተካፋይ ይሆኑበታል።

በአዲስ አበባ በዓመት የሚወርደው ዝናም ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናም በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነውና፥ ርዝመቱ 50 ሜትር ወርዱ 20 ሜትር በሆነ መጋዘን ጣራ ላይ በዓመት ከ1,000,000 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ያልፋል። ይህን ለሚያህል ውሃ መንገድ ያልተዘጋጀለት እንደ ሆነ መንገዱን ራሱ ይፈልጋል፤ በአንዲት የሚስማር ቀዳዳ ገብቶም ማገሩን ያበሰብሳል፥ ሸቀጡን ያሻግታል።

ብዙ ባለንብረቶች ሥራ ተቋራጭ የሚፈልጉት ሐምሌ ገብቶ ውሃው በዕቃው ላይ ሲንጠባጠብ ነው። በዚያን ጊዜ ሠሪው በሥራ ተጣቧል፤ እንጨቱ ርሷል፤ አሮጌው ቆርቆሮ ቢነሣ ዕቃው ለዝናም ይጋለጣል፤ ዋጋውም በባለቤቱ ጭንቀት ልክ ይወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በጥድፊያ የተመታ ጣራ በሚከተለው ክረምት ተመልሶ ያፈሳል። ስለዚህ ምርመራው መስከረም ሲጠባ፥ ውሃው የተወው ምልክት ከኮርኒሱ ላይ ሳይጠፋ፥ ሥራውም ከኅዳር እስከ ጥር፥ የበልግ ዝናም ሳይደርስ ሊሆን ይገባዋል።

በምርመራው አስቀድሞ የሚለየው ጥገና ይበቃ እንደ ሆነ ወይም ጣራው በሙሉ መለወጥ ያሻው እንደ ሆነ ነው። ዝገቱ በጥቂት ቆርቆሮ ላይ ብቻ ቢሆንና ወራጁና ማገሩ ጤናማ ቢሆን ጥገና ይበቃል። እንጨቱ በምስጥ ተበልቶ ሳለ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ግን ቁስል ሳያጥቡ በሻሽ እንደ መጠቅለል ነው።

ቀጥሎም የተጫራቾች ዋጋ ሊነጻጸር የሚቻለው ሁሉም ስለ አንድ ዓይነት ሥራ ሲናገሩ ነው። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ ባለ 32 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ ይሳሳል። ዋጋ ያሳነሰው ሰው ቆርቆሮውን አሳስቶ፥ መደራረቢያውን አሳጥሮ፥ አሸንዳውን አጥብቦ እንደ ሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሚስማሩም ባለ ጎማ ሆኖ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ሳይሆን በጉብታው ላይ እንዲመታ በውሉ ይጻፍ። አሮጌውን ማን እንደሚያነሣ፥ ዕቃውን ማን እንደሚሸፍን፥ ክፍያው በየትኛው የሥራ ደረጃ እንደሚፈጸም ጭምር ይጻፍ። ከዋጋውም ጥቂቱ የመጀመሪያው ክረምት እስኪያልፍ በመያዣነት ቢቆይ መልካም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ኃላፊ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ይህንንም ዘመን በውል ማሳጠር አይቻልም። ነገር ግን ምን እንደ ተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ የሌለው ባለንብረት መብቱን ለማስረዳት ይቸገራል።

በጣራ ላይ የሚወጣውም ሠራተኛ ነፍስ አለው። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ማዘዙ ሰው ወድቆ እንዳይሞት ነው። የደኅንነት ገመድና መወጣጫ ሳያዘጋጅ ዋጋ ያረከሰ ተቋራጭ፥ ያረከሰው የሰውን ሕይወት መሆኑን አሠሪው ሊያስተውል ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ይልቁንም የሚመለከተው የመንግሥት መጋዘን የተሰጣቸውን ሹማምንትና የሚከራዩ ሱቆች ያሏቸውን የአድባራት አስተዳዳሪዎች ነው። የያዙት የሌላ ሰው ንብረት ነውና፥ ለጣራው የሚያስፈልገውን ገንዘብ በበጀት ሳያስይዙ ቆይተው ክረምትን ቢወቅሱ ምክንያት አይሆናቸውም። ክረምት በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ ይመጣልና።