መጥረጊያ የያዘው ገጣሚ

«እንጀራ ፍለጋው ፋታ ቢሰጠኝ ኖሮ እጽፍ ነበር» የምንል ጥቂቶች አይደለንም። እኔም ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ይህን ሰበብ ስደጋግም ኖሬአለሁ። ሰበቤን ያሳጣኝ እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈው አሜሪካዊው የካንትሪ ዘፈን ደራሲና ድምፃዊ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ነው።

ሰውየው በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያጠና፣ ዊልያም ብሌክን አጥብቆ የሚወድ ሻምበልና የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሥነ ጽሑፍ እንዲያስተምር ቢታጭም፣ ዕድሉን ትቶ ወደ ናሽቪል አቀና። እናቱ በደብዳቤ ካዱት። እርሱም በኮሎምቢያ የሙዚቃ ስቱዲዮ ወለል ጠራጊ ሆነ፤ በ1966 ቦብ ዲላን እዚያ አልበሙን ሲቀርጽ የኦክስፎርዱ ምሩቅ የሲጋራ መተርኮሻ ያጸዳ ነበር። ቆይቶም በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ለነዳጅ ኩባንያዎች ሄሊኮፕተር እያበረረ ዘፈን መጻፉን ቀጠለ። በ1970 ጆኒ ካሽ የተጫወተው የእሑድ ማለዳ ብቸኝነት ዘፈኑ በካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ተባለ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ «ሁሉን ጥሎ ለጥበብ መነነ» እያሉ ያወሱታል። አልስማማም። የጣለው ማዕረጉን እንጂ ንባቡን አልነበረም፤ እንጀራውንም ቢሆን አልናቀም። የቃል ቁጥብነቱን ከመጻሕፍት፣ የብቸኛውን ሰው ሐዘን ከኑሮው አገኘ። ድህነት ገጣሚ አያደርግም፤ የወር ደመወዝም ገጣሚን አይገድልም።

በመሳቢያዬ ያደሩት ያልተቋጩ ስንኞች የጎደላቸው ጊዜ ሳይሆን፣ ስማቸው እንዳይጎድፍ የማይፈራ ባለቤት ኖሯል።