የሕግ አምድ፦ እርስ በርሱ የተጣላ ወረቀት

 

ሰሞኑን ቤቴ ድረስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ሪጀክት ተደርጌ ይግባኝ ብዬ ነበር፤ አሁን ቀጠሮ ወጣልኝ። ምን ወረቀት ልጨምር?» ይለኛል። እኔም መልሼ «ያለህ ወረቀት እርስ በርሱ ተስማምቷል ወይ?» ስለው ግራ ይገባዋል። ወረቀትም እንደ ሰው ይጣላል። እኔው ራሴ አጣልቼ ስላየሁት ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ እዚህ ካኩማ ማስተርጎም ስጀምር፣ አንዲት እናት የባለቤቷን የፖሊስ መጥሪያ ይዛ መጣች። ቀኑ ኅዳር 8 ቀን 1998 ዓ.ም. ይላል። እኔ ቸኩዬ 8 ደመርኩና 2006 ብዬ ጻፍኩላት። ትክክለኛው ኖቬምበር 17 ቀን 2005 ነበር። በምዝገባ ፎርሟ ላይ ደግሞ ኬንያ የገባችው ፌብሩዋሪ 2006 ነው። እንግዲህ አስቡት። ባሏ ተጠርቶ ሳይመለስ ቢቀር ልጆቿን ይዛ የወጣች ሴት፣ በእኔ ትርጉም እሷ ከተሰደደች ከዘጠኝ ወር በኋላ ባሏ ተጠራ ማለት ሆነ። መልሱ «ቃሏ ይቃረናል» የሚል መጣ። ስህተቱን ያገኘነው ይግባኙ ሊሰማ አራት ቀን ሲቀረው ነው። መጥሪያውን እንደገና ተርጉሜ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ፈርሜ አያይዘን ገባች፤ ተቀበሏት። በመሀል ግን አንድ ዓመት ከምናምን እንቅልፍ አልነበራትም፤ እሱን ማንም አይመልስላትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ። ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪለውጡ ድረስ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ፣ የሚደመረው 7 ነው። ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሜይ 15 ቀን 2005 ሲሆን፣ ከአምስት ወር ተኩል በኋላ ያለው ጥቅምት 22 ቀን 1998ም እዚያው 2005 ውስጥ ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ጊዜ ደግሞ ቀጣዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ይቀርና 12 ይሆናል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። ቀኑን በትክክል የማታስታውሱት ከሆነ አትፍጠሩ። «የጥምቀት ሰሞን» ወይም «ጤፍ ሲታጨድ» ማለት ነውር የለውም፤ አስተርጓሚው እንደዚያው ይበለው።

ሰዓትም እንደዚሁ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቤታችንን ሰበሩ» ያላችሁት በእንግሊዝኛ የሌሊት 2 ሰዓት ነው። 8 ተብሎ ከተጻፈ ጎረቤት ሁሉ በነቃበት፣ በመሸ በሁለት ሰዓቱ ይሆንና ነገሩ ይለወጣል። የቀጠሮ ወረቀታችሁ ላይ 9 ካለ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የሚገርመው ስዋሂሊም ሰዓቱን እንደኛው ይቆጥራል፤ ዘበኛውን በስዋሂሊ ብትጠይቁት ጠዋት 3 ይላችኋል፣ ወረቀቱ ግን 9 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ባለፈው አንድ ወንድማችን ከሰዓት 9 መስሎት ሄዶ ስሙ ተጠርቶ አልፏል።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ ጋ የለም። ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ባል በአባቱ፤ ልጆቹ ደግሞ በባል ስም። ይህን የማያውቅ ሰው አራት የማይዛመዱ ሰዎች አንድ ቤት የገቡ ይመስለዋል። በዚያ ላይ የክርስትና ምስክር ወረቀቱ ወለተ ማርያም ይላል፣ የቀበሌ መታወቂያው ሌላ፣ ራሽን ካርዱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ደግሞ ሦስተኛ። ካርዱን በራሳችሁ እጅ እንዳትፍቁ፣ እንዳትሰርዙ! በአንድ ገጽ «እነዚህ ሁሉ ስሞች የእኔ ናቸው፣ ምክንያቱም...» ብላችሁ አስረዱ። ቃለ መሐላ ማድረግ የሚያስፈልግ እንደሆነ የሕግ እርዳታ የሚሰጡትን ጠይቁ።

አደራደሩን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ከላይ የተቃወማችሁት የውሳኔ ደብዳቤ ይሁን። ቀጥሎ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል የያዘ አንድ ገጽ፤ በግራ የእኛ ቀን፣ በቀኝ የፈረንጁ። ከዚያ ማስረጃዎቹ፣ እያንዳንዱ ትርጉም ከዋናው ኮፒ ጋር ተያይዞ፣ ተርጓሚው ስሙን ጽፎ ፈርሞበት። ገጾቹን ቁጠሩና ቁጥር ስጧቸው። ዋናውን አሳዩ እንጂ አትስጡ፤ የግድ ከተባለም መቀበያ ጠይቁ። ባስገባችሁት ነገር ሁሉ ላይ የቀን ማኅተም አስመቱና የራሳችሁን ኮፒ ያዙ። ማታ ደግሞ ከመሬት አንሱት፤ ምስጥ ማኅተም አይፈራም።

በኬንያ በ2021 በወጣው የስደተኞች ሕግ መሠረት ይግባኝ ለይግባኝ ሰሚው ኮሚቴ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ደብዳቤው የተጻፈበትንና እጃችሁ የገባበትን ቀን ለየብቻ መዝግቡ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ወደ ሎድዋር ወይም ናይሮቢ መሄድ ካለባችሁ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የቀጠሮውን ወረቀት ኮፒ ከማመልከቻው ጋር ብታያይዙት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ገበያው ውስጥ «ጠንካራ ኬዝ» የሚሸጡ ደላሎች አሉ፤ ማኅተም ያለው የእስር ደብዳቤ ሳይቀር። የተቃጠለባችሁን፣ ጎርፍ የወሰደባችሁን ወረቀት «የለኝም፣ እንዲህ ሆኖ ጠፋ» በሉ። ወረቀት የሌለው ሰው ሲያልፍ አይቻለሁ። የገዛውን ደብዳቤ ያቀረበ አንድ ሰው ግን የደረሰበት እውነተኛ ድብደባ፣ ጠባሳው ገላው ላይ እያለ፣ ሳይታመን ቀርቷል።

ቀን ለማዛመድ የሚረዳ ሠንጠረዥ በእጄ ጽፌ የማኅበረሰቡ ቤት በር ላይ ለጥፌያለሁ። እባካችሁ ቁጭ ብላችሁ ገልብጡ እንጂ አትገንጥሉት። የባለፈው ወር ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን አንድ ሰው ይዞት ሄዷል፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይመልስልኝ።